የመግነጢስ አዙሪትና ካስማው

መግቢያ

ከአዲስ አበባ መሀል ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ቃሊቲ ከመድረሱ በፊት ንፋስ ስልክ የሚባለውን ሰፈር ያገኛል። ዛሬ ይህ ስም ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ሰው እጅግ ብዙ ቢሆንም የመሣሪያ ስም መሆኑን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የኢጣልያው አንሳልዶ ኩባንያ በዚያ አካባቢ የራዲዮ ጣቢያ በሠራ ጊዜ ያለ ሽቦ የሚያነጋግር ስልክ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ሽቦ ከሌለው ቃሉን የሚያሻግረው ነፋስ ነው ተባለና ሰፈሩም ንፋስ ስልክ ተብሎ ቀረ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወሰን ሊሻገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ያሰሙት ንግግር በአየር የተላለፈው ከዚሁ ጣቢያ ነው።

ሕዝቡ ለመሣሪያው ስም ሲያወጣ የተመለከተው ቃሉ የሚጓዝበትን መንገድ ነው። መሐንዲሱ ግን ሌላ ጭንቀት አለበት። ባሕርና ተራራ አቋርጦ የመጣው ደካማ ምልክት ከአንቴናው ወርዶ ወደ መቀበያው ሲገባ እንደገና በብረት ላይ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በዚያች አጭር የብረት ጎዳና ላይ ከተረፈው ጥቂት ኃይል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የዚህ ብክነት ምክንያት ሁላችንም በሙያችን መጀመሪያ ቀን የተማርነው ሬዚስታንስ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ይህን ብክነት ያስቀራሉ ተብለው ተስፋ የተጣለባቸው የሱፐርኮንዳክተር፣ በአማርኛችን የልዕለ አስተላላፊ፣ ስስ ልባጦች ከየት እንደ መጡና በውስጣቸው ተሸሽጎ የተገኘው ተቀናቃኝ፣ ማለት የመግነጢስ አዙሪት፣ እንዴት እንደ ታወቀ ነው። ታሪኩ ባብዛኛው የተፈጸመው በሆላንድ፣ በሶቪየት ኅብረት፣ በስዊስና በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ወደ ደጃችን ያቀርቡታል። አንደኛው በአራት ኪሎ ሲለካ የኖረው የምድራችን መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ሁለተኛው ከንፋስ ስልክ ጎረቤት ከቃሊቲ የተገኘው ብርድ ነው። ሁለቱንም በየቦታቸው እናነሣቸዋለን። ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይገንዘብልን።

ከሌይደን እስከ ካርኮቭ

ሆላንዳዊው ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 በሌይደን ከተማ ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። በዚህም ከፍጹም ዜሮ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ የሚል ብርድ በእጁ ገባ። በ1911 ባዜቃን፣ ማለት ሜርኩሪን፣ በዚሁ ብርድ ውስጥ ቢመረምር ሙቀቱ ወደ 4.2 ኬልቪን ሲወርድ ሬዚስታንሱ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ኦነስም ወዲያው የመሐንዲስ ሐሳብ መጣለት፤ እንዲህ ባለ ሽቦ ጥቅል ቢሠራ እሳት የማያወጣ፣ ኪሣራ የሌለበት ብርቱ መግነጢስ አይገኝም ወይ? ሙከራው ግን አልሠመረም። ኮረንቲው ትንሽ ከፍ ሲል ራሱ የፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ የልዕለ አስተላላፊነቱን ጠባይ አጠፋው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዚህ ሙያ ታሪክ ከመግነጢስ ጋር የሚደረግ ትግል ታሪክ ሆነ።

በ1933 በበርሊን ማይስነርና ኦክሰንፌልድ የተባሉት ጠበብት የትግሉን መነሻ ገለጹት። ልዕለ አስተላላፊ ኮረንቲን ያለ ኪሣራ ማሳለፉ ብቻ ሳይሆን መግነጢሳዊ መስክን ከገላው ያስወጣል። በ1935 ከሂትለር ጀርመን ተሰደው በኦክስፎርድ የተጠለሉት የሎንዶን ወንድማማቾች ይህን ጠባይ በሒሳብ ሕግ ጻፉት። ያ ዓመት ከንፋስ ስልክ የአቤቱታው ድምፅ የወጣበት ዓመት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ አንዱም ሌላውም የዚያ ዘመን ግፍ ያስከተለው ነውና።

ከዚያው ግፍ የባሰ ድርሻ የደረሰው ሌቭ ሹብኒኮቭ ነበር። ሹብኒኮቭ በካርኮቭ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር ከእርሳስ የተቀየጡ ንጹሕ ክሪስታሎችን ሠርቶ ሲለካ በንጹሕ ብረት ከሚታየው የተለየ ነገር አገኘ። መስኩ ጨርሶ ተባርሮ ወይም ጨርሶ አሸንፎ አይገኝም፤ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ጥቂት በጥቂት ይገባል፣ ልዕለ አስተላላፊነቱም ሁለተኛው ወሰን እስኪደርስ ድረስ ይቆያል። ሥራው በ1936 እና በ1937 ታተመ። በዚያው በ1937 ዓመት በኅዳር ወር ሹብኒኮቭ በሐሰት ክስ ተፈርዶበት በጥይት ተገደለ። ግኝቱም ትርጉም የሚሰጠው ሰው ሳያገኝ ሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ።

አብሪኮሶቭ ያየው

ትርጉሙን ያገኘው በሞስኮ የታላቁ ሊቅ የላንዳው ደቀ መዝሙር የነበረው አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው። ጊንዝቡርግና ላንዳው በ1950 ያወጡትን ቀመር ይዞ ሲያሰላ መስኩ ወደ ልዕለ አስተላላፊው የሚገባው እንደ ጎርፍ በጅምላ ሳይሆን በቀጫጭን ክሮች መልክ መሆኑን ተረዳ። ሐሳቡ የመጣለት በ1953 ነበር። ላንዳው ስላልተቀበለው ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ቆየ፤ ፋይንማን በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተመሳሳይ አዙሪት መኖሩን ከጻፈ በኋላ በ1957 ታተመ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ነው።

ክሩ ምን ዓይነት ነው? በክረምት የሞላ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ውኃው አንዲት ጎድጓዳ ነጥብ ከቦ ሲሽከረከር አይቶ ይሆናል። የመግነጢሱ ክርም እንዲሁ ነው። በመካከሉ ልዕለ አስተላላፊነት የሞተበት ቀጭን አስኳል አለ፤ በዙሪያው ኮረንቲ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፤ በአስኳሉ ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ያልፋል። ስለዚህ አዙሪት ተባለ። የውኃው አዙሪት ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል፤ የመግነጢሱ ግን ሁሉም እኩል ነው። እያንዳንዱ የሚሸከመው ዌበር የሚባለው መስፈሪያ በሚሊዮን ቢሊዮን ተካፍሎ ከሚገኘው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ከዚህ የሚያንስ የለም። በ1961 አንድ የአሜሪካና አንድ የጀርመን ቡድን ይህን ቁርጥ መጠን በየበኩላቸው ለክተው አረጋገጡ።

አዙሪቶች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ሰፈራቸውን አስተካክለው እንደ ንብ እንጀራ በሦስት ማዕዘን ሥርዓት ይቆማሉ። መስኩ 0.1 ቴስላ ሲሆን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 48 ሚሊዮን ያህል ይሰፍራሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚርቀውም 155 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። በ1967 በሽቱትጋርት ኤስማንና ትሮይብለ ጥቃቅን የመግነጢስ ብናኝ በልዕለ አስተላላፊ ገጽ ላይ ነስንሰው ብናኙ በየአዙሪቱ ራስ ላይ ሲከማች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሡት። ከዚያ ወዲያ የአዙሪቱን መኖር የሚጠራጠር አልተገኘም።

የአራት ኪሎው መለኪያ

የአብሪኮሶቭ ጽሑፍ በታተመበት በ1957 ዓለም አቀፉ የምድር ፊዚክስ ዓመት ተጀመረ። ለዚሁ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በአራት ኪሎ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ሥፍራው የተፈለገበት ምክንያት የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአዲስ አበባ አጠገብ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በዚህ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ ወደ ሰሜን ያመለክታል እንጂ ጫፉን ወደ መሬት አያዘነብልም፤ መስኩ እንደ መሬቱ አግድም ተኝቷልና። ኃይሉ 36 ሺህ ናኖ ቴስላ ገደማ ነው።

የአራት ኪሎው መዝገብና የሞስኮው ቀመር በአንድ ዘመን ቢወለዱም ያገናኛቸው አልነበረም። ዛሬ ግን አንድ ቀላል የማካፈል ሒሳብ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። የአዲስ አበባን መስክ አንድ አዙሪት ለሚሸከመው መጠን ብናካፍለው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 17 ሺህ ያህል አዙሪት ይወጣል። እንግዲህ አንድን ልዕለ አስተላላፊ ስስ ልባጥ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙረን፣ አቁመን ብናቀዘቅዘው ይህን ያህል አዙሪት በገላው ላይ ሊያስቀር ይችላል። ያንኑ ልባጥ በጠረጴዛ ላይ አስተኝተን ብናቀዘቅዘው ግን መስኩ ከገጹ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ፣ የሕንፃ ብረትና የመኪና ብዛት ካላወከው በቀር፣ የሚያዘው ከዚያ ቁጥር ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በሰሜን ኤውሮፓ ያለ ባልደረባችን ልባጡን በጠረጴዛ ላይ ቢያስተኛው ከ20 ሺህ በላይ አዙሪት ይቆጥራል፤ መስኩ በእርሱ አገር ከሞላ ጎደል ወደ መሬት ቁልቁል የሚወርድ ነውና። በዚያ አገር በብረት ግርዶሽ የሚገኘውን ጥቅም ከፊሉን የእኛ አገር አቀማመጥ ያለ ዋጋ ይሰጣል። አዙሪቱ ቢይዝስ ምን ይጎዳል? ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእንቅስቃሴው ውስጥ ነው።

አዙሪቱ ሲንቀሳቀስ

አዙሪቱ ባለበት ጸንቶ ቢቆም ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን በልዕለ አስተላላፊው ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ በእያንዳንዱ አዙሪት ላይ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይሠራበታል። አዙሪቱ ተገፍቶ ሲሄድ መስኩን ይዞ ይሄዳል፤ የሚንቀሳቀስ መስክም፣ ከፋራዴይ ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ቮልቴጅና ኮረንቲ በአንድነት ካሉ ሙቀት አለ። እንግዲህ ብረቱ ልዕለ አስተላላፊ እንደ ሆነ ሳለ ሬዚስታንስ አለው ማለት ነው። ባርዲንና ስቲቨን በ1965 ይህን ኪሣራ በቀመር አስቀመጡት። እንቅስቃሴው ምን ያህል ትንሽ ቢሆን እንደሚበቃ ለማየት ያህል፣ መሐንዲሶች የልዕለ አስተላላፊን የኮረንቲ ወሰን የሚወስኑት በአንድ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ማይክሮ ቮልት ሲታይ ነው። በ0.1 ቴስላ መስክ ውስጥ ይህ ቮልቴጅ የሚወጣው አዙሪቶቹ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ሲጓዙ ነው። ከጉንዳን እርምጃ የዘገየ ጉዞ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል ማለት ነው።

ታዲያ አዙሪቱን ማን ያስቆመዋል? መልሱ ያልተጠበቀ ነበር፤ የሚያስቆመው እንከን ነው። አዙሪቱ በሄደበት ሁሉ በአስኳሉ ውስጥ ልዕለ አስተላላፊነትን መግደል አለበት፤ ይህም ኃይል ያስከፍለዋል። በመንገዱ ላይ ቀድሞውኑ ልዕለ አስተላላፊነት የሌለበት ጥቃቅን ጉድለት፣ ባዕድ ቅንጣት ወይም የክሪስታል ስብራት ካገኘ ግን በዚያ ላይ በነፃ ያርፋል፤ ከዚያም ለመነሣት ይቸገራል። ድንኳን በካስማ እንደሚጸና አዙሪትም በእንከን ይጸናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን እንከን ካስማ እንለዋለን። ከዚህም የተነሣ ንጹሕና እንከን የሌለው ክሪስታል መስክ ባለበት ኮረንቲ ለመሸከም ከሁሉ የከፋው ነው። በ1961 በቤል ቤተ ሙከራ ኩንዝለርና ባልደረቦቹ የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ውሁድ በ8.8 ቴስላ መስክ ውስጥ ብርቱ ኮረንቲ እንደሚሸከም ሲያሳዩ ኦነስ ያለመው መግነጢስ በካስማ ኃይል ተገኘ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታል የሚገኘው ኤም.አር.አይ. የሚሠራው በኒዮቢየምና በታይታኒየም ሽቦ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አዙሪቶች በካስማቸው ታስረው ስለሚያድሩ ነው።

ሆኖም ካስማ የሚይዘው እስከ ጊዜው ነው። በ1962 አንደርሰን በቀመር፣ ኪምና ጓደኞቹም በሙከራ እንዳሳዩት ሙቀት አዙሪቱን ያለ ማቋረጥ ይነቀንቀዋል፤ አልፎ አልፎም ከካስማው ይነቅለዋል። ስለዚህ በልዕለ አስተላላፊ ቀለበት ውስጥ የተተወ ኮረንቲ ቀስ እያለ ይቀንሳል። አቀናነሱም የተለየ ሥርዓት አለው፤ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ሰከንድ የሚጎድለው ከ100ኛው እስከ 1000ኛው ሰከንድ ከሚጎድለው ጋር እኩል ነው። በ4 ኬልቪን ብርድ ይህ ጉድለት ከቁጥር የማይገባ ስለ ነበር ብዙዎች ለመጻሕፍት የሚበቃ እንጂ ለሥራ የማያሠጋ አድርገው ተመለከቱት።

የ1987 ተስፋና የቃሊቲ ብርድ

በ1986 በዙሪክ የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ በድኖርዝና ሙለር ላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ከኦክስጅን ጋር በተዋሐዱበት ሸክላ መሰል ነገር ውስጥ በ30 ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊነት መጀመሩን አሳወቁ። በ1987 መጀመሪያ ዉ፣ ቹና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ላንታነሙን በኢትሪየም ተክተው 93 ኬልቪን ደረሱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኒው ዮርክ በተደረገው ስብሰባ ሊቃውንቱ አዳራሹን ሞልተው ሲነጋገሩ ሌሊቱ ነጋባቸው። ለበድኖርዝና ለሙለር የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግኝታቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው።

የደስታው ምክንያት 77 የሚለው ቁጥር ነበር። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ኬልቪን፣ ማለት ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሂሊየም ብርቅና ውድ ነው፤ ናይትሮጅን ግን ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት አራቱ እጅ ያህል ነው። የዓለም ጋዜጦች ይህን ወሰን እንደ አዲስ ምድር ባወሩበት ጊዜ ያ ብርድ በደቡብ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቃሊቲ የተቋቋመው ብሔራዊ የከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል ማእከል የኮርማ ዘር ያቆይ የነበረው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ቴክኒሻኖቹም ብርዱን በልዩ ዕቃ ይዘው በየገጠሩ ለገበሬው ላሞች ያደርሱ ነበር። በኒው ዮርክ ሊቃውንቱ የተሻሙለት ብርድ እኛ ዘንድ የወተት ላም ለማርባት ውሎ የሚያድር ነበር። የጎደለን ብርዱ ሳይሆን በውስጡ የሚነከረው ልባጥ ነው።

ደስታው ግን ብዙ ሳይቆይ ጥያቄ ተከተለው። በዚያው በ1987 ሙለርና ጓደኞቹ፣ በ1988 ደግሞ የሹሩንና ማሎዜሞፍ እንዳሳዩት፣ አንደርሰን የተነበየው ቀርፋፋ ጉዞ በአዲሶቹ ውሁዶች ውስጥ እጅግ ፈጥኗል። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በ77 ኬልቪን ያለው ነቅናቂ ሙቀት በ4 ኬልቪን ካለው ሃያ እጥፍ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የአዙሪቱ አስኳል በጣም ጠባብ ሆነ፤ 1.5 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ካስማ የሚይዘው ክፍል ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ እነዚህ ውሁዶች በንጣፍ በንጣፍ የተሠሩ ናቸው፤ በተለይ ቢስመት ባለበት ውሁድ አዙሪቱ አንድ ወጥ ክር መሆኑ ይቀርና እንደ ተደራረበ እንጀራ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ንጣፍ ከሥሩ ካለው ሸርተት ሊል ይችላል። የውጭ አገር ጠበብት ይህን በራሳቸው ቂጣ ስም ጠርተውታል፤ እኛ የእንጀራ አዙሪት ብንለው የሚቀየመን የለም። ከዚህ የተነሣ ልዕለ አስተላላፊነት ገና ሳይጠፋ አዙሪቶች እንደ ፈሳሽ የሚዋልሉበት ሰፊ ግዛት ተገኘ። በዚያ ግዛት ውስጥ ሬዚስታንስ አለ፤ ስለዚህ ለመሐንዲሱ አይረባውም።

የስስ ልባጡ ውለታ

ሙያውን ከዚህ ጭንቀት ያወጣው ስስ ልባጥ ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከውሁዱ የተጋገረ ጡብ አየሩ በተመጠጠና ጥቂት ኦክስጅን በተተወበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ብርቱ የሌዘር ብልጭታ ሲመታው ከገጹ እንፋሎት ይነሣል፤ እንፋሎቱም በትይዩ በተቀመጠ፣ እስከ 700 እና 800 ዲግሪ በጋለ ክሪስታል ላይ ያርፋል። ከሥር ያለው ክሪስታል ሥርዓቱን ስለሚያወርሰው የሚያርፈው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይደረደራል። ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ሲደርስ ልባጡ ተሠራ ማለት ነው።

በ1987 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረቦች ቻውዳሪና ጓደኞቹ እንዲህ ያለ የኢትሪየም ልባጥ በ77 ኬልቪን በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100 ሺህ አምፔር በላይ እንደሚሸከም አሳዩ። በዚያን ጊዜ ከዚያው ውሁድ የተጋገረው ጡብ የሚሸከመው ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። በኋላ ልባጦቹ ከሚሊዮን አለፉ። አንድ ሚሊዮን ማለት ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ማይክሮን የሆነ ሪባን 100 አምፔር ተሸከመ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለጥያቄው ሁለት መልሶች በተለያየ ጊዜ ተገኙ። በ1988 ዲሞስ፣ ቻውዳሪና ማንሃርት ሁለት የክሪስታል ጥራጥሬዎች አቅጣጫቸው ሳይገጥም ሲጋጠሙ ድንበራቸው ኮረንቲን እንደሚያንቅ አስመሰከሩ። ጡቡ የነዚህ ድንበሮች ክምችት ነው፤ ልባጡ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለ ተደረደረ ከዚህ ክፉ እንከን ይድናል። ይሁን እንጂ እንዲሁ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረው ንጹሕ ክሪስታልም ከልባጡ ያነሰ ነበር። በ1999 በአምስተርዳም ዳምና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ልባጡ ሲያድግ በተፈጥሮው ከታች እስከ ላይ የሚዘልቁ ቀጫጭን ስብራቶች ይኖሩታል፤ አዙሪቶቹም በእነዚህ ላይ ቁመታቸውን ሁሉ አስደግፈው ይታሰራሉ። ስለዚህ እንከን ሁሉ አንድ አይደለም፤ በኮረንቲው መንገድ ላይ እንደ አጥር የቆመው ያጠፋል፣ በአዙሪቱ ቁመት ልክ እንደ ካስማ የተተከለው ያድናል።

ከዚህ በኋላ የሙያው ጥበብ እንከን ማስወገድ ሳይሆን እንከን መምረጥ ሆነ። በ1991 ቺቫሌና ባልደረቦቹ በፈጣን የቆርቆሮ አየኖች ክሪስታሉን ወግተው ቀጥ ያሉ የካስማ ረድፎች ሠሩበት፤ ተሸካሚነቱም እጅግ ከፍ አለ። ለዚህ ግን ታላቅ የአየን ማፍጠኛ ያስፈልግ ነበር። በ2004 ማክማነስ ድሪስኮልና ባልደረቦቿ ቀላሉን መንገድ አገኙ፤ ጡቡ ሲጋገር የባሪየምና የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ቢጨመርበት ይህ ባዕድ ነገር በልባጡ ውስጥ ናኖ ሜትር የሚለካ ቅንጣት ሆኖ ተበትኖ የካስማ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ቅመም ጨምሮ ካስማ መትከል ተቻለ ማለት ነው። ዛሬ በብረት ጥብጣብ ላይ በሚሠሩት ረጃጅም የኢትሪየምና የመሰሎቹ ልባጦች ውስጥ እንዲህ ያሉ ካስማዎች የተለመዱ ናቸው። በመስከረም ወር 2021 በአሜሪካ ለፊውዥን ኃይል ጥናት የተሠራው የ20 ቴስላ መግነጢስ የተጠቀለለው በዚህ ዓይነት ጥብጣብ ነው።

ወደ ንፋስ ስልክ ስንመለስ

በመግቢያችን ያነሣነው ደካማ ምልክት ድርሻውን ያገኘው በ1990ዎቹ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ኩባንያዎች ከልዕለ አስተላላፊ ስስ ልባጥ የራዲዮ ማጣሪያ ሠርተው በናይትሮጅን ብርድ መጠን በሚያቀዘቅዝ ትንሽ መኪና ውስጥ አኖሩት፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ጣቢያዎችም ላይ ተከሉት። በመዳብ ማጣሪያ ውስጥ ከሚባክነው ምልክት አብዛኛው ዳነ፤ ጎረቤት ሞገዶችም በጠራ ወሰን ተለዩ። ገበያው እንደ ታሰበው ባይሰፋም መሣሪያው የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል። በዚህም ውስጥ ያው አዙሪት አለ፤ በራዲዮ ሞገድ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የተረፈውን ኪሣራ የሚያመጣ እርሱ ነው።

ከማጣሪያው ይልቅ የሚበረታው ጉዳት በስኩዊድ ላይ ይታያል። ስኩዊድ እጅግ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ የልዕለ አስተላላፊ መሣሪያ ነው፤ የአውስትራሊያው የሳይንስ ድርጅት ሲሳይሮ በ77 ኬልቪን የሚሠራውን ዓይነት ከመሬት ሥር ማዕድን ለመፈለጊያ አውሎታል። በልባጡ ላይ የቀረ አንድ አዙሪት ከካስማ ወደ ካስማ ሲዘል ግን መሣሪያው የመሬቱን ዜና ትቶ የራሱን ጫጫታ ያወራል። በ1990ዎቹ የበርክሌዩ ክላርክና ባልደረቦቹ ልባጡን 4 ማይክሮን ያህል ብቻ ወደሚሰፉ ጠባብ መስመሮች ቢከፋፍሉት አዙሪቱ የሚገባበት ሥፍራ አጥቶ እንደሚቀር አሳዩ። የወሰኑን ስፋት አንድ አዙሪት የሚሸከመውን መጠን ለመስኩ በማካፈልና የካሬ ሥሩን በመውሰድ በግምት ማግኘት ይቻላል። በአዲስ አበባ መስክ ሲሰላ መስመሩ ወደ ሰሜን ፊቱን ቢያዞር ወሰኑ 7 ማይክሮን ተኩል ያህል ይሆናል፤ አግድም ቢተኛ ደግሞ ብዙ ሊሰፋ ይችላል። አራት ኪሎ የመዘገበው የመርፌው አለማዘንበል እንዲህ ያለ የሥራ ትርጉም አለው።

ለእኛ የቀረው

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተጀመረበት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በፊዚክስ ትምህርት ክፍል በልዕለ አስተላላፊነት ላይ ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ቀርበዋል። በአመዛኙ የንድፈ ሐሳብ ሥራዎች ናቸው፤ በወረቀትና በስሌት የሚፈጸሙ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ አብሪኮሶቭም አዙሪቱን ያየው በወረቀት ላይ ነው። ነገር ግን ቀመሩን የሚያውቅ ተማሪ አዙሪቱ ሲነቃነቅ በቮልት መለኪያ ላይ አንድ ቀን ሳያይ ቢመረቅ፣ ከንፋስ ስልክ አጠገብ ተወልዶ ራዲዮ ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጣት የሚያህል የኢትሪየም ልባጥ ጥብጣብ፣ አራት ሽቦ፣ የታወቀ ኃይል ያለው መግነጢስ፣ ማይክሮ ቮልት የሚያነብ መለኪያና አንድ ዕቃ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል። ጥብጣቡ በናይትሮጅኑ ውስጥ ሳለ ኮረንቲው ጥቂት በጥቂት ሲጨመር መለኪያው ለረጅም ጊዜ ዜሮ ያሳያል፤ ካስማዎቹ ይዘዋል ማለት ነው። ከዚያም አንድ ማይክሮ ቮልት ብቅ ይላል። መግነጢሱ ሲቀርብ ያቺ ቮልት ቀድማ ትመጣለች፤ መግነጢሱ ሲርቅ ትዘገያለች። ያን የተመለከተ ተማሪ ሹብኒኮቭ በካርኮቭ፣ ኪም በቤል ቤተ ሙከራ የደከሙበትን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይረዳዋል። ብርዱን ለላሞች ማድረስ የቻለች ከተማ ለተማሪዎቿ ማድረስ አያቅታትም፤ የሚፈለገው የእንስሳት ሐኪሙ ዕቃና የፊዚክስ መምህሩ ጠረጴዛ እንዲገናኙ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ያ ሰውም ከማኅበራችን አባላት መካከል ይገኛል ብለን እናምናለን።

የዘጠና ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የንፋስ ስልክ ስም የወጣው ሕዝቡ መሣሪያውን በዓይኑ አይቶ፣ በራሱ ቋንቋ ስለ ጠራው ነው። አዙሪቱም በአገራችን ስም የሚያገኘው በእጃችን አስረን ስንለካው ነው።